ያልተተከለው ድንኳን

ልጄን ያጣሁት እናቴን ቀብሬ ሳልነሳ ነው። ማንም አልቀማኝም፣ ማንም አልከሰሰኝም፣ ክፉ ቃል የተናገረኝም የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስታነቡ የሚረገም ሰው እንዳትፈልጉልኝ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ።

መክሊት እባላለሁ። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ከተደረደሩት ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃዎች በአንዱ እኖራለሁ። የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት በእኔ እጅ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ብርጭቆ የማወጣውም የማስገባውም እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሼሁም በፊት ለእኔ ይደወላል። እንግዲህ ለቅሶ እንዴት እንደሚቀመጡ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም። ጉዴም የመጣው ከዚያው ነው፤ ደንቡን አሳምሬ ስለማውቅ አሳምሬ ተቀመጥኩ።

ከያፌት ጋር የተለያየነው ልጃችን ሐመልማል ሁለት ዓመት ሲሞላት ነበር። አልተጣላንም፤ ሰለቸን እንጂ። እንደ ማንኛውም ሰው ቀበሌ ሄደን ጋሽ እርቁ ፊት ተቀመጥን። የቤተሰብ ችሎት የሚባለው ነገር ከተዘጋ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሕንፃው የልጆች መዋኛ ሆኗል። ጋሽ እርቁ በየቀበሌው አንዳንድ ክፍል አላቸው። ክፍሉ ነጭ ግድግዳና አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። ለምን አንቱ እንደምንላቸው አላውቅም፤ ድምፃቸው የሽማግሌ ስለሆነ ይሆናል። መናገር ሲጀምሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ማሽን ናቸው፣ ጉሮሮ የላቸውም፤ ግን ይጠርጋሉ።

"ልጆቼ፣ እዚህ ክስ የለም፣ ጠበቃ የለም፣ ቀጠሮ የለም" አሉን ያን ቀን። "ወረቀትም አልፈልግም። እንዴት እንደምትኖሩ አያለሁ፤ ውላችሁ ኑሯችሁን ይከተላል። ኑሯችሁ ሲለወጥ እሱም ራሱ ይለወጣል። እናንተ ልጃችሁን ብቻ አሳድጉ።"

እንዴት ደስ እንዳለን! ያፌት እንዲያውም ሲወጣ ለግድግዳው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ጋ፣ ቅዳሜና እሁድ እሱ ጋ ሆነች። በግራ እጇ ላይ ያቺን ቀጭን አምባር አሰሩላት። ማን እንዳበላት፣ ማን ገላዋን እንዳጠበ፣ ማን ፀጉሯን እንዳበጠረ፣ በማን ጭን ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት አምባሩ ያውቃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። አምባሩን ረስቼው ነበር፤ በኋላ በኋላ የጆሮ ጉትቻ ያህል እንኳን አላየውም ነበር።

በኅዳር እናቴ ሞተች። ሰላማዊት ትባላለች።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ሐዘንተኛ ዕቃ አያነሳም፣ ምድጃ አይነካም፣ ስልክ አያነሳም፤ እኔው ራሴ ስንቱን ሐዘንተኛ "አርፈሽ ተቀመጪ" ብዬ ተቆጥቼ አስቀምጫለሁ። ስልኬን የጎረቤቴ የእትዬ ሲትራ መዳፍ ውስጥ አስቀመጡት፣ ለሚደውለው ሁሉ እሷ ትመልስ ተባለ። እትዬ ሲትራ ደግሞ ሐመልማልን አቅፋ ተንገበገበች።

"ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ዋይታ ስትሰማ ልትውል ነው? አባቷ ጋ ትሂድ እንጂ! እስከ አርባዋ እዚያው ትቆይ። አብሽሪ መክሊት፣ አባቷ እኮ ነው።"

ማን እምቢ ይላል? እኔም በአራት ዓመቴ ቅድመ አያቴ ሲሞቱ አክስቴ ቤት ተልኬ ነበር። ልጅ ከለቅሶ ቤት ይወጣል፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ያፌት መጣ፣ እናቴን አልቅሶ፣ ልጁን ይዞ ሄደ። እኔም ሶስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፌ እስከ አርባዋ ተቀመጥኩ። እናቴ ይገባታል። አንድ ቀን አላጎደልኩባትም።

በሰላሳኛው ቀን ስልኬ ጠራ። እትዬ ሲትራ አነሳችው። ጋሽ እርቁ ነበሩ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ልጃችን ሐመልማል አሁንም አባቷ ዘንድ ናት?"

"አዎ ጋሼ፣ እዚያው ናት። አያስቡ።"

"ተመችቷታል?"

"እንዴታ! አባቷ አይደል እንዴ! ኧረ በጣም ተመችቷታል። አላህ ይስጥልኝ ስለጠየቁ።"

ይኼው ነው። ነገሩ ሁሉ ይኼው ነው። ለእኔ እንኳ ለመንገር የሚበቃ አልመሰላትም፤ ከደወሉት መቶ ሰዎች አንዱ ነበሩ።

በአርባ አንደኛው ቀን ሰውነቴን ታጥቤ፣ ጥቁሬን ለብሼ ልጄን ላመጣ ሄድኩ። ያፌት በሩን ከፈተ፤ አልገባሁም፣ እሱም ግቢ አላለኝም። ፊቱ ልክ አልነበረም።

"መክሊት፣ እኔ የጠየቅሁት ነገር የለም። በእናቴ እምላለሁ" አለ። "መልእክቱ ከአሥር ቀን በፊት ነው የመጣው። ውላችን ተለውጧል ይላል። አንቺ ለቅሶ ላይ ስለሆንሽ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

ከእንግዲህ ሐመልማል ከሰኞ እስከ እሁድ አባቷ ጋ ናት ይላል። የእኔ እሁድ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፣ እሱም በአባቷ ቤት፤ ስሜ ፊት ለፊት "እንግዳ" የሚል ተጽፏል። አምጬ የወለድኩ እንግዳ! ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው፣ ያፌት በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ያፌት ያን ጊዜ ጥሩ ሰው ነበር። በማግስቱ አብሮኝ ቀበሌ ሄደ። ሁለታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም አንድ ነገር ተናገርን፤ ወደ ድሮው እንመለስ።

"መስማማታችሁ ደስ ይላል፣ ተባረኩ" አሉ ጋሽ እርቁ። "ነገር ግን ልጆቼ፣ አፋችሁ የሚለውን ሳይሆን ኑሯችሁን ነው የማየው። ልጅቷ ረግታለች። የረጋች ልጅ በቃል አትነቀነቅም።"

"እኔ አባቷ እኮ ነኝ የምጠይቀው" አለ ያፌት።

"ሰማሁህ ልጄ። በችግር፣ በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ሰላሳ ቀን በተከታታይ እናቷ ዘንድ ብትውል ብታድር፣ ውሉ ራሱ ይከተላታል። ሆን ብላችሁ ብትልኳት ግን ማስመሰል ነው። ለሚያስመስሉ ወላጆች ልጅ አላምንም፤ ሶስተኛ ቤት እፈልግላታለሁ።"

"ይግባኝ የምንለው የት ነው?" አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር።

"ይግባኝ ክስ ነው፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ክስ የለም" አሉ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ መረቁን። መብራቱ ጠፋ፤ ክፍሉ ለሚቀጥሉት ባልና ሚስት ተከፈተ።

ሶስተኛ ቤት ሲሉ ያፌት እጄን ጨብጦ ነበር። ስንወጣ ለቀቀኝ።

እትዬ ሲትራ የሆነውን ስትሰማ ጉልበቴ ላይ ወድቃ "እኔ ነኝ የገደልኩሽ" ብላ አለቀሰች። ለጠየቃት ሰው በደግ መለሰች። ሰው መስሏት።

ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ እንግዳ ሆንኩ። ያፌት ቤት ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሐመልማል መጀመሪያ መጀመሪያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ ትል ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ታለቅሳለች። አንድ እሁድ በጣም አለቀሰችና በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፦ እንግዳዋ ልጅቷን ረብሻለች፣ ዳግም ቢከሰት ጉብኝቱ በወር አንድ ጊዜ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንዳታለቅስ ማስተማር ጀመርኩ። የገዛ ልጄን፣ እኔ ስሄድ ዞር ብላ ካርቱን እንድታይ አሠለጠንኳት። ጎበዝ ናት፤ በሶስት ሳምንት ቻለችበት። አንጀቴ ያረረው ያኔ ነው።

ጉርሻ አላጎርሳትም። ማጉረስ ይቆጠራል፤ እንግዳ ሲያበላት አምባሩ ቀይ ይበራል፣ ያፌት ከኩሽና "መክሊት!" ይላል። ፀጉሯን አልሠራም። አንድ ቀን ቁጥርጥሯ በአንድ በኩል ተፈቶ ሶስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየሁት፤ እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬ።

ከዚያ እማማ ፌቨን ታመሙ።

እማማ ፌቨን የያፌት እናት ናቸው፣ ሰባ አምስት ዓመታቸው። አብረውት ነው የሚኖሩት። አራስ ሳለሁ አርባ ቀን ገንፎዬን ያገነፉልኝ፣ ከልጃቸው ጋር ስለያይ "አንቺን አልፈታሁሽም" ብለው የሳቁ ሴት ናቸው። ጉበታቸው ነው አሉ፤ ሐኪሞቹ ከክረምት አያልፉም ብለዋል። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ "አይዞዎት እማማ" እያልኩ በልቤ ቀን እቆጥር ነበር።

አልሸፋፍነውም፤ እንዲሞቱ ፈለግሁ። ሐዘን ከሆነ ያፌት ድንኳን ይተክላል፣ ምድጃ አይነካም፣ ልጅ ከለቅሶ ቤት ይወጣል። የት ትሄዳለች? እናቷ ጋ። እስከ አርባ። ጋሽ እርቁ ራሳቸው በአፋቸው ብለውታል፤ በሐዘን ምክንያት ሰላሳ ቀን። ማስመሰል የለበትም፣ ማታለል የለበትም። የጎደለው አንድ ሬሳ ነው። ያን ሰሞን ዕቃ ቤት ገብቼ ትልቁን ድንኳን አውጥቼ አጠብኩት፣ ሰገነት ላይ ፀሐይ አስመታሁት፣ የላሉትን ገመዶች ቀየርኩ። እትዬ ሲትራ አይታኝ አለፈች።

በሰኔ መጨረሻ እማማ ፌቨን ብቻችንን ስንሆን ዓይናቸውን ገለጡ።

"ድንኳኑን አጠብሽው?" አሉኝ።

"የምን ድንኳን እማማ?"

"ተይ እንግዲህ፣ ሞኝ አታድርጊኝ። ሲትራ ነግራኛለች።" ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸው ቢጫ ሆኗል። "እሰይ! ጥሩ አድርገሽ እጠቢው። አሮጌ ድንኳን ሥር አልለቀስም።"

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፣ ደጋግሜ።

"ዝም በይ። እኔም እሱኑ ሳስብ ነው የከረምኩት" አሉ። "ሌላ የምሰጥሽ ነገር የለኝም። ያፌትን ጠርቼ ቃል አስገብቼዋለሁ፤ አርባ ቀን ሙሉ፣ በድንኳን፣ በወጉ እንዲያለቅስልኝ። እሺ ብሎኛል። ለሐመልማልም ነግሬያታለሁ።"

"ምን ብለው?"

"የምነግራትንማ እኔ አውቃለሁ" አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሐምሌ ሁለት ሐኪም ቤት ገቡ። ሐምሌ አሥር፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ አረፉ። የእድሩ ደወል ስልኬ ላይ ሲጮህ እውነተኛ እንባ ነው የወረደኝ፤ እወዳቸው ነበር። እያለቀስኩ ግን ሶስት ጎረምሶች ጠራሁና ድንኳኑን አሸከምኳቸው። የሐመልማልን አልጋ ከዋዜማው አንጥፌው ነበር። አንሶላው ላይ ያሉት ዳክዬዎች ለስድስት ዓመት ልጅ ይሆኑ ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

የያፌት ሕንፃ ግቢ ስንደርስ ማንም የለም። ወንበር የለም፣ ጋቢ የለበሰ ሰው የለም። ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። ያፌት ከፈተ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ከኋላው ምድጃው ላይ የሐመልማል ፓስታ ይፈላል።

"ድንኳኑን መልሺው፣ መክሊት" አለ።

"ምን?"

"ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኔና ሁለት የአጎት ልጆች እንሄዳለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክረምት ትምህርት እቀበላታለሁ።"

"ለእናትህ ነው? ለእማማ ፌቨን?" ጮህኩ መሰለኝ። "ቃል ገብተህላቸው አልነበር?"

"ገብቻለሁ። ዓይኗን እያየሁ እሺ ብያታለሁ።" ግድግዳውን ተደገፈ። "ለሐመልማል አልነገርኳትም። አያትሽ ሐኪም ቤት ናት ብያታለሁ። ካወቀች ታለቅሳለች፣ አትበላም፣ አትተኛም፤ እሱ ሁሉ ይመዘገባል። ሰላሳ አርባ ቀን ይለፍና ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አንቺም እንዳትነግሪያት። ብትነግሪያትና ብትረበሽ እሁድሽም ይሄዳል፤ ለራስሽ ነው የምልሽ።"

"ያፌት፣ አንተ እኮ አብረኸኝ ሄደህ ነበር። መልሱላት ብለህ ነበር።"

"ያኔ አርባ ቀን ብቻ ነበር አብራኝ የኖረችው።" ወደ ምድጃው ዞር ብሎ አየ። "አሁን ሁለት ዓመት ነው። ጠዋት አልጋዬ ላይ ወጥታ ነው የምትቀሰቅሰኝ። እሺ፣ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትሰጪኝ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

"አልሰጥህም ነበር" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ፓስታው ሊገነፍል ሲል ሮጦ ሄዶ እሳቱን ቀነሰ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ሻወር ከፍቼ ነው የማለቅሰው" አለ። "ውሃው እንዲጮህ።"

ከዚያ በላይ አልተጣላሁትም። ጎረምሶቹ ድንኳኑን መልሰው ተሸከሙት። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ለእነሱም አዲስ ነገር አልነበረም። ዘንድሮ ከእድራችን አሥራ አራት ሰው ሞቷል፤ ድንኳን የወጣው ለሶስቱ ነው። ሶስቱም ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ የለም። ልጅ ያለው ሰው ቀብሮ ሥራ ይገባል። ይህን እኔ ካልሆንኩ ማን ያስተውላል? መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ለእኔ የተነገረኝ ሕግ ለሁሉም ተነግሯል፣ ሁሉም ተምሮበታል፤ ምናልባትም ከእኔ ነው የተማሩት።

በዚያ ቀን ከሰዓት እኔና እትዬ ሲትራ ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፈን በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀምጠን አለቀስንላቸው። እትዬ ሲትራ በስማቸው እየጠራች ሙሾ አወጣች። ሁለት ሰው ሙሾ ምን ያህል ይሆናል? ድስቶቹ እንኳ ከእኛ በላይ ቦታ ይዘው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ያለው ሁለተኛ እሁድ እንደ ወትሮው ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ያፌት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋል። ሐመልማል ሮጣ መጣችና እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ ጎተተችኝ። ሚስጥር እንዳላት ከጉንጯ ያስታውቃል። አልጋዋ ሥር ገባችና ትንሿን ሰማያዊ ቦርሳዋን እየጎተተች አወጣች። ከፈተችው። ፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ካልሲ፣ ማበጠሪያ።

"አዘጋጅቼዋለሁ" አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"የት ልትሄጂ ነው፣ የኔ ማር?"

"አንቺ ጋ ነዋ!" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አያቴ ሰላማዊት ስትሞት ወደዚህ ቤት መጣሁ፣ አይደል? አያቴ ፌቨን ደግሞ ስትሞት አንቺ ጋ እመጣለሁ። ራሷ ናት የነገረችኝ። አታልቅሺ፣ ቦርሳሽን ብቻ ያዢ አለችኝ። ማበጠሪያውን የያዝኩት አንቺ እንድትሠሪኝ ነው።"

ኩሽና ውስጥ ቢላው ቆመ። ያፌት በሩ ላይ ብቅ አላለም፤ ግን እየሰማ እንደሆነ አውቃለሁ። በልጄ እጅ ላይ አምባሩ አረንጓዴ ያበራል።

"እማ" አለችኝ። "ሞተች እንዴ?"

እማማ ፌቨን አፈር ውስጥ አሥር ቀናቸው ነበር። አንድ ቃል ብናገር ታለቅሳለች፤ አያቷ ብታዛትም ታለቅሳለች፣ ትወዳቸዋለች። ይመዘገባል፤ የቀረችኝ እሁድም ትሄዳለች። ጎንበስ ብዬ ዓይኗን አየሁ። የምችለውን ያህል ፈገግ አልኩ።

"አልሞተችም" አልኳት። "አያትሽ ደህና ናት።"

"አትሞትም?"

"አትሞትም።"

ሐመልማል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አላለቀሰችም፤ አስተምሬያት የለ። "እሺ" አለች። ከዚያ ቦርሳው ፊት ቁጢጥ ብላ ፒጃማዋን አወጣችና አጣጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው፤ ካልሲዎቹንም፣ የጥርስ ብሩሹንም፣ ማበጠሪያውንም አንድ በአንድ።